ወድቆ የተገኘ ዕቃና ተቀባዩ

«ወድቆ አገኘሁት» የሚለውን ቃል በአገራችን የዳኝነት አደባባይ ሁለት ዐይነት ሰዎች ሲናገሩት ኖረዋል። አንደኛው፥ በመንገድ ላይ ያገኘውን የሰው ገንዘብ ይዞ «ባለቤቱ ይፈለግልኝ» ሲል በገዛ እግሩ የሚመጣው ሰው ነው። ሁለተኛው፥ የሰው ዕቃ በእጁ ተይዞበት፥ ከወዴት እንዳመጣው ሲጠየቅ ሌላ መልስ ያጣው ሰው ነው። ቃሉ አንድ ነው። ሁለቱን ሰዎች የሚለያያቸው፥ ዕቃውን ካነሡበት ሰዓት አንሥቶ ይህን ቃል እስከ ተናገሩበት ሰዓት ድረስ ያደረጉት ነገር ነው፤ ጠንቃቃ ዳኛም መርምሮ የሚያጣራው ይህንኑ ነው። ባገኘህ ጊዜ ለማን ነገርህ? ከነገርኸውስ በኋላ ዕቃውን በማን እጅ አኖርኸው?

ከሁለቱ ጥያቄዎች የኋለኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለ ታማኝነት በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ የሚመሰገነው አግኚው ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን ዕቃው ከአግኚው እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ በመካከል የሚቀበለው ሦስተኛ ወገን አለ፤ የአገር ሽማግሌ ይሁን፥ ጭቃ ሹም ይሁን፥ የፖሊስ ጣቢያ ይሁን፥ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሁን። የዚህን የተቀባዩን ታሪክ ስንመረምር፥ ሰው ያገኘውን የሚመልስበት ወይም የሚደብቅበት ምክንያት በአግኚው ጠባይ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ በተቀባዩም ጠባይ ላይ የተመሠረተ ሆኖ እናገኘዋለን። ሐተታችንንም ከአንድ አዲስ ከተማ እንጀምራለን፤ ተቀባይ አብዝቶ የሚያስፈልገው ሰው ሰውን በማያውቅበት ስፍራ ነውና።

አርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ክፍል ናት። በላይ በኩል ያለችው ሴቻ የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ስትሆን፥ በታች በኩል ያለችው ሲቀላ የገበያና የመናኸሪያ ሰፈር ናት፤ በመካከላቸውም 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር፥ በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት አያሌ ምንጮች ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ፥ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ወደሚታዩበት ወደዚህ ቆላ የመጣው በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። ጨንቻ ጉም የማይለያት፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት አገር ናት፤ አርባ ምንጭ ግን የዚያ ግማሽ ያህል ከፍታ ብቻ አላት። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የወረደ ሰው ከብርድ ወደ ሐሩር፥ ከእንሰትና ከገብስ ወደ ሙዝ፥ ከዘመድ አገር ወደ ባዕድ ሰፈር ይገባል። ከደጋው የወረደው ሸማኔ፥ ከወላይታ የመጣው ነጋዴ፥ ከመሐል አገር የተላከው ጸሓፊ፥ ከጎፋና ከኮንሶ የመጣው የቀን ሠራተኛ፥ ኋላም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በ1979 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ከየአውራጃው የተላከው ተማሪ፥ ሁሉም ሲቀላ ላይ ተገናኙ።

እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ ቦርሳ መሬት ላይ ወድቆ ቢገኝ፥ ከውጭ አይቶ የማን እንደሆነ የሚናገር የለም። ባለቤቱ ምናልባት ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወላይታ ሶዶን አልፏል። አግኚውም ቢሆን ነገ ወደ አገሩ የሚመለስ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። በደጋው ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

የጋሞ ደጋ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ «ደሬ» በሚባሉ አገሮች ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ካዎ፥ የራሱ ሀላቃዎች፥ ከሁሉም በላይ የራሱ ዱቡሻ ነበረው። ዱቡሻ ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለ አገር የሚመክርበት፥ የተጣላ የሚታረቅበት፥ በደለኛም በደሉን የሚናገርበት አደባባይ ነው። ከአባያ ሐይቅ በላይ በዐለት ላይ በተቀመጠችው በኦቾሎ መንደር ተቀምጦ ይህን ሥርዐት ያጠናው ፈረንሳዊው ሊቅ ማርክ አቤሌስ በ1975 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው መጽሐፉ፥ የመንደሪቱን የሸንጎ ልማድ በሰፊው አትቶታል። ዲና ፍሪማን የተባለች እንግሊዛዊት ምሁርም ዶኮ በሚባለው አገር ተቀምጣ ስለ ሀላቃዎቹ ሹመት ጽፋለች። ሁለቱም የውጭ አገር ሰዎች መሆናቸው ያስቆጫል፤ ነገር ግን ሥራቸው የተጣራ ስለሆነ ልናመሰግናቸው ይገባናል።

ለእኛ ጉዳይ ዐይነተኛው ቃል «ጎሜ» ነው። ጎሜ ማለት ነውር፥ የተጣሰ ሥርዐት፥ ሥርዐቱም በመጣሱ የሚመጣው መዓት ነው ቢባል ይቀርባል፤ በአንድ የአማርኛ ቃል ግን አይተረጐምም። የወሰን ድንጋይ መግፋት ጎሜ ነው፤ ስርቆት ጎሜ ነው፤ እውነትን ሸሽጎ መኖር ጎሜ ነው። ልጅ ቢታመም፥ ላም ብትጨነግፍ፥ ዝናም ቢዘገይ፥ የቤቱ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ «ምን በደልን?» የሚል ነው። ወደ ዐዋቂ ሄደው ያስመረምራሉ፤ በደሉ ሲገኝም በደለኛው በሰው ፊት ይናዘዛል፥ የወሰደውንም ይመልሳል፥ ይታረቃልም። ስለዚህ በዚህ ሥርዐት ያደገ ሰው የሌላውን ገንዘብ አንሥቶ ቢደብቅ፥ ያየው ሰው ባይኖር እንኳ ከነገሩ ነፃ አይሆንም። ሌሊት ልጁ ያተኰሰው እንደሆነ፥ ያ በጎታ ሥር የተሸሸገው ዕቃ ትዝ ይለዋል።

ከዚህም በላይ ዕቃው ራሱ ይናገር ነበር። ጋሞዎች፥ ይልቁንም ዶርዜዎች፥ በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ሸማኔም የገዛ እጁን ጥለት ከብዙ ጋቢ መካከል ለይቶ ያውቃል። መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ ኩታ፥ ሠሪው ከታወቀ የገዛው ሰው ይታወቃል።

ስለ ተቀባዩ የተነሣንበት ነገር ግን የሚገኘው በሀላቃው ሹመት ላይ ነው። ሀላቃ የሚሾመው ብዙ ድግስ ደግሶ፥ ሀብቱን ለአገሩ ሰው አፍስሶ ነው። ሰው ለዓመታት ያከማቸውን እህልና ቅቤ፥ ያረባውንም ከብት አገር በልቶለት ሲያበቃ ነው የክብር በትሩን ይዞ በዱቡሻ ፊት የሚቆመው። ሹመቱን እንደ እረኝነት ያዩታል፤ አገሩ መንጋው ነው። እረኛው ያልተገባ ነገር ቢያደርግ፥ በዘመኑም መከራ ቢበዛ፥ ከሹመቱ ሊወርድ ይችላል። አስተዋይ አንባቢ ይህን ከሌላው አገር ሹመት ጋር ያነጻጽረው፤ በሌላው አገር ሰው ሹመት የሚሻው ሀብት ለማግኘት ሲሆን፥ እዚህ ግን ሀብቱን ሰጥቶ ሹመት ይቀበላል። ሀብቱን በሕዝብ ፊት ለጨረሰ ሰው የሰው ገንዘብ አደራ ቢሰጡት የሚያስፈራ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህን ሥርዐት ነቀፋ የሌለበት አድርገን ልናቀርበው አንወድም። የዱቡሻው ድንጋይ ለሁሉ መቀመጫ አልነበረም። ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ፥ ማና እና ደጌላ ተብለው ከሌላው ተለይተው፥ ከሸንጎው ርቀው ኖረዋል። ሴቶችም በዱቡሻ ላይ እንደ ወንዶቹ ተቀምጠው አይመክሩም ነበር። አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት በገበያ መንገድ ላይ የብር አምባር ብታገኝ፥ ወደየት ትወስደዋለች? በአደባባዩ ላይ ቃሏ የማይሰማ ሰው፥ «አገኘሁት» ያለች እንደሆነ «ሰረቅሽው» የምትባልበት ፍርሀት አለባት። አደራ ተቀባዩ ሁሉን እኩል ካልተቀበለ፥ ታማኝነት የባለ መብቶች ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ፍርሀት በጋሞ ብቻ የነበረ አይደለም። በመሐልና በሰሜን አገራችን ንብረት በጠፋ ጊዜ «አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» የሚባል ሥርዐት ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስም ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። ያየ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ምስክርነቱን ያቀብል ነበር፤ ይህም ነገር አቀባይ «ወፍ» ይባላል። ዛሬ በጨዋታ «ወፍ ነገረችኝ» ስንል፥ በዚያ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታው እህሉ በማሳ የሚረግፍበትን ገበሬ አናስታውሰውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌባሻይ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኀኒት ጠጥቶ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባል ነበር። ይህ ልማድ ኋላ ተከልክሎ ቀርቷል፤ መቅረቱም መልካም ሆነ።

እንዲህ ያለው ሥርዐት በአግኚው ላይ ያደረሰውን እንመልከት። በአንድ በኩል፥ የሰው ዕቃ ያገኘ ሰው ቶሎ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ዝም ብሎ ሰንብቶ አውጫጭኝ የተጠራ እንደሆነ፥ ዕቃው በቤቱ ሲገኝ «ወድቆ አገኘሁት» ቢል የሚያምነው የለም። ስለዚህ ሰው ያገኘውን ከብት በገበያ ያስነግራል፤ ያገኘውንም ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ሳይበተን ያስታውቃል። በሌላው በኩል ግን፥ ዕቃውን ይዞ ወደ ሹም መሄድ ራሱን የቻለ አደጋ ነበረው። ሹሙ «ከየት አመጣኸው? ሌላውስ የት አለ?» ቢለው ማን ያድነዋል? ሹሙ ዕቃውን ተቀብሎ ለራሱ ቢያደርገውስ ወዴት ይጮኻል? «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ለንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ ድሀው ገበሬ በየደረጃው ላለው ባለሥልጣን ሁሉ ይተርተው ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው የወደቀ ዕቃ ሲያይ አማትቦ፥ እንዳላየ ሆኖ ማለፍን መርጧል። ይህን ሰው ሌባ ልንለው አንችልም። ታማኝ ነው እንዳንልም ዕቃው ለባለቤቱ አልደረሰም። ተቀባይ ያጣ ታማኝነት መልኩ ይህ ነው።

አሁን ወደ ተጻፈው ሕግ እንለፍ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። አርባ ምንጭም የጠቅላይ ግዛት ከተማ የሆነችው በዚያው ዘመን ስለሆነ፥ ሕጉና ከተማዪቱ የዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ሕግ በቁጥር 1154 ላይ፥ ዕቃ ያገኘ ሰው ማግኘቱን ስለ ማስታወቅ በአስተዳደር ክፍል የሚወጣውን ደንብ እንዲጠብቅ፥ ዕቃውም እንዳይበላሽ እንዲጠነቀቅ ያዛል። ለተሰወረ ሀብት ደግሞ ሌላ ደንብ አለው፤ 50 ዓመት ያህል ተቀብሮ ወይም ተሸሽጎ የቆየና ባለቤት የሌለው መሆኑ የተረጋገጠ ውድ ነገር፥ በቁጥር 1159 መሠረት የተገኘበት ንብረት ባለቤት ይሆናል፤ ያገኘውም ሰው የዋጋውን እኩሌታ ያህል ወሮታ ይቀበላል። የወንጀል ሕጋችንም በአጋጣሚ ወይም በስሕተት እጁ የገባውን የሌላ ሰው ንብረት ለራሱ ያደረገውን ሰው ያስጠይቃል።

የሕጉን አሠራር ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። አግኚው ሊያደርገው የሚገባውን ሕጉ ራሱ ወስኗል፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚቀበል ግን ለአስተዳደር ደንብ ተወው። በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። በሲቀላ መናኸሪያ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድ የአውቶቡስ ረዳት ከመቀመጫ ሥር ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ቢያገኝ፥ ለሾፌሩ ይስጥ? ለተራ አስከባሪው ይስጥ? ለፖሊስ ይስጥ? ወይስ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪመጣ ራሱ ይያዘው? እያንዳንዱ እጅ በተጨመረ ቁጥር ዕቃው የሚጐድልበት በር አንድ ይጨምራል። ይህን የምንለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ የእጅ ብዛት በባሕርዩ እንዲህ ስለሆነ ነው። ዛሬ የእጅ ስልክ የጠፋበት ሰው ወደ ራሱ ቁጥር ደውሎ ከባለባጃጁ ጋር ይነጋገርና በሰዓት ውስጥ ዕቃውን ይረከባል፤ በመካከል ሦስተኛ ወገን የለም። ስም የሌለበት ጥሬ ገንዘብና ወርቅ ግን እንደ ጥንቱ ሰው ይፈልጋል።

መልካም ተቀባይ የሚሠራው ሥራ ከባድ አይደለም። ዕቃውን በሰጪው ፊት ይቈጥራል፤ ሌላ ሰው ያስመሰክራል፤ ጽፎ ለሰጪው የጽሑፉን ግልባጭ ይሰጠዋል። ሲያስታውቅ ቦርሳ መገኘቱን ይናገራል እንጂ የቦርሳውን ቀለምና በውስጡ ያለውን አይዘረዝርም። የእኔ ነው ባይ ሲመጣም ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት «ምልክቱን ተናገር» ይለዋል። አባቶቻችን የጠፋ በሬ የሚፈልገውን ሰው የቀንዱን አወጣጥ፥ የሻኛውን መጠን፥ በጆሮው ላይ ያለውን ምልክት የሚጠይቁት በዚሁ ብልሃት ነበር።

ለሲቀላ የሚያጽናናው ነገር፥ የደጋው ሥርዐት ወደ ቆላ ሲወርድ ፈጽሞ አለመሞቱ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የብዙ ሰዎች ሕይወት በጠፋ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ተነሥተው ሌላውን ወገን ለመበቀል ወጥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩላቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ወታደር አልነበራቸውም፤ የተጻፈ ሥልጣንም አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው ሣር ብቻ ነው። ለዚያ ሁሉ ወጣት ቁጣውን የሚያስረክበው ሰው ተገኘለት። እንዲህ ያለ አመኔታ ባለበት ከተማ፥ ስለ አንድ ቦርሳ አመኔታ የሚጠፋበት ምክንያት የለም።

እስካሁን የተመለከትነው የአንድ ሰው ንብረት ለአንድ ሰው ሲመለስ ነው። የጠፋው ነገር የአንድ ደብር፥ ከዚያም አልፎ የአንድ አገር ቅርስ የሆነ እንደሆነ፥ ተቀባዩም መንግሥት ራሱ የሆነ እንደሆነ፥ ጥያቄው እንዴት ይከብዳል? ይህን በሚገባ የሚያሳየን በዘመናችን የተፈጸመ አንድ ታሪክ አለ።

በትግራይ፥ ከመቀሌ በስተ ደቡብ፥ ጨለቆት ሥላሴ የሚባል ደብር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ለዚህ ደብር የሰጡት አንድ ዘውድ ነበር። ዘውዱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከመዳብ ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ፥ የጌታና የሐዋርያት ሥዕል የተቀረጸበት ነው። እንዲህ ያለ ዘውድ በዓለም ላይ ያለው ወደ 20 የሚጠጋ ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ዘውድ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ከደብሩ ጠፋ።

ሲራክ አስፋው በአብዮቱ ዘመን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከአገሩ ተሰድዶ በኔዘርላንድስ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ነው። በሮተርዳም ያለው ቤቱ ለአገሩ ሰዎች ማረፊያ ነበር፤ ስደተኛውም፥ ካህኑም፥ ለሥራ የመጣውም ያርፍበት ነበር። በ1990 ዓ.ም. አንድ ወረቀት ሲፈልግ፥ እንግዳ ያስቀመጠውን ሻንጣ ከፍቶ ሲመለከት በውስጡ ዘውድ አገኘ። ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ መሆኑን ወዲያው ተረዳ። እንግዳውንም ተጋፈጠው፤ ዘውዱ ከዚህ ቤት የሚወጣው ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ብቻ እንደሆነ አስታውቆ አስቀረው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ አግኚው ታማኝ ነበር። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዘውዱን ለማን ይስጥ? ለኔዘርላንድስ ባለሥልጣኖች ቢሰጥ፥ ተይዞ በዚያው ይቀራል ብሎ ሠጋ። በዚያን ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ቢልከው ደግሞ፥ ዘውዱ ከአገር የወጣው ያለ ሰው እጅ ስላልሆነ፥ እንደገና ይጠፋል ብሎ ሠጋ። ስለዚህ ያዘው። አንድ ዓመት አይደለም፤ ሁለት ዓመትም አይደለም፤ 21 ዓመት በምስጢር ጠበቀው። በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ፥ ጊዜው እንደ ደረሰ አመነ። የጠፉ የጥበብ ሥራዎችን በመፈለግ ወደታወቀው ወደ ኔዘርላንድሳዊው አርተር ብራንድ ሄዶ ምስጢሩን ገለጠለት። የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥነ ጥበብ የሚያጠናው ያኮፖ ኚሺ መርምሮ እውነተኛ መሆኑን መሰከረ፤ ዘውዱም በጥብቅ ስፍራ ተቀመጠ። ነገሩ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዓለም ተነገረ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዘውዱ አዲስ አበባ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተረከቡት።

የሲራክን ሥራ እንዴት እንፍረደው? ሕግን ብቻ የሚያይ ሰው፥ ያገኘ ሁሉ ወዲያው ያስታውቅ ይላል። በእርግጥም እያንዳንዱ አግኚ ተቀባዩን ራሱ መዝኖ «ይህ አይታመንም» እያለ ቢይዝ፥ ደግ አግኚና አደራ በላ የሚለዩበት ምልክት ይጠፋል፤ ሌባ ሁሉ ጊዜው እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነው ይላል። ይህን ክርክር ቀላል አድርገን አናየውም። ነገር ግን በመጀመሪያ ያነሣነውን የዳኛ ጥያቄ በሲራክ ላይ እንጠይቅ። በ21 ዓመት ውስጥ በዘውዱ ምን አደረገ? አልሸጠውም፤ በስሙ አልተከበረበትም፤ የራሴ ነው አላለም። ሸሽጎ መያዝ ያስፈራል፤ የሰረቁት ሰዎች ያውቁታል፥ ቤቱም ታውቋል። ዘውዱን የያዘው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ሸክም ነበር። በእኛ ግምት በዚህ ነገር የሚወቀሰው አግኚው አይደለም፤ አንድ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን ንብረት ለኢትዮጵያ ለማስረከብ 21 ዓመት የሚያስፈራው ነገር መኖሩ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዝዛል። አዋጁ በወጣ ጊዜ ዘውዱ በሮተርዳም ከተሸሸገ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከዚያም በኋላ 19 ዓመት ያህል በዚያው ቆየ። የአዋጁ ቃል ጉድለት አልነበረበትም። የጐደለው፥ ሲራክ አምኖ የሚያስረክበው እጅ ነበር።

ተቀባዩ የታመነ እንደሆነ ነገሩ ምን ያህል እንደሚፈጥን ከስኮትላንድ የመጣው ታቦት ያሳየናል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፥ የመድኀኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘርፎ ታቦታቱ ከመጻሕፍቱና ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ከነዚህ አንዱ በኤድንብራ ከተማ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባለው የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ከ100 ዓመት በላይ ቆየ። ጆን ማክላኪ የተባለው ቄስ እ.ኤ.አ. በ2001 ሣጥኑን ሲመረምር አገኘው። ይህ ቄስ ኢትዮጵያን ያውቅ ስለነበረ የያዘው ነገር ተራ ጽላት አለመሆኑን ተረዳ። ማኅበረ ምእመናኑ ተማከሩና ይመለስ አሉ፤ በማግሥቱ ዓመት፥ በ1994 ዓ.ም.፥ ታቦቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡም በእልልታና በሆታ ተቀበለው። ከመገኘቱ እስከ መመለሱ ድረስ ያለው ጊዜ ብዙ አልነበረም። ቄሱ ለማን እንደሚሰጥ ያውቅ ነበር፤ የሚቀበለውም ሕዝብ በመንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ከመቅደላ ከሄዱት ታቦታት የሚበዙት ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው፤ ሙዚየሙ በጠቅላላው 11 የኢትዮጵያ ታቦታትን ይዟል። ለሕዝብ ታይተው አያውቁም፤ ለብቻቸው በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ ገብተው አያዩአቸውም። ሙዚየሙ የያዘውን ንብረት እንደ ልቡ እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ይከለክለኛል ይላል። ባለቤቱ ታውቋል፤ ምልክቱም ተነግሯል፤ ተቀባዩም ደጅ ቆሟል። እነዚህን ታቦታት ስለያዘው ሙዚየም ብዙ ዐይነት ክርክር ተሰምቷል፤ «ወድቆ አገኘሁት» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ከማንም አፍ አልወጣም።